የሌላው ሰው በሽታ፦ «እኔን አይነካኝም» የሚለው እምነት የ500 ዓመት ታሪክ

በአንድ ማዕድ ዙሪያ የተቀመጡ ጎልማሶች ስለ ስኳር በሽታ፣ ስለ ደም ግፊትና ስለ ኮሌስትሮል በግልጽ ይነጋገራሉ። አንዱ የሚውጠውን ኪኒን ስም ይናገራል፤ ሌላው ሐኪሙ ጨው እንዲቀንስ እንዳዘዘው ያጫውታል። የአባላዘር በሽታ ስም ሲነሣ ግን ጨዋታው ይለወጣል። ወይ ይሳቃል፣ ወይ ዝም ይባላል፣ ወይም ወሬው ወዲያውኑ ወደ ሌላ ሰው ይዞራል፦ ወደ ወጣቶቹ፣ ወደ መሸታ ቤት፣ ወደ እገሌና እገሊት። ስለ ራሱ የሚናገር አይገኝም።

ይህ ጠባይ የኢትዮጵያውያን ብቻ አይደለም፤ ዛሬ የተጀመረም አይደለም። የሕክምና ታሪክ እንደሚመሰክረው፣ የሰው ልጅ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፉ በሽታዎችን ከ500 ዓመት በላይ ሲለካ የኖረው በተሳሳተ ሚዛን ነው። «ምን ተደረገ?» ብሎ በመጠየቅ ፈንታ «ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ይህ ሚዛን ሁለት ዓይነት ሰው ይጎዳል። ስሙ የተጠራውን ያለ ጥፋቱ ያዋርዳል፤ ስሙ ያልተጠራውን ደግሞ ያዘናጋል። በስደት የሚኖረው የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ ሁለቱንም ጉዳት ቀምሷል። ስለዚህም ታሪኩን ከሥሩ ማወቅ ይጠቅማል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለበሽታው የጎረቤት ስም ማውጣት

በ1494 የፈረንሳዩ ንጉሥ ቻርልስ 8ኛ ጦሩን አስከትቶ ወደ ኢጣሊያ ዘመተ፤ በ1495 መጀመሪያም ኔፕልስን ያዘ። በዚያው ዓመት የጊዜው ሐኪሞች ግራ የተጋቡበት አስከፊ በሽታ በሠራዊቱ ውስጥ ፈነዳ። ገላን በቁስል ያለብሳል፣ አጥንትን ይሰረስራል፣ ብዙዎችንም ይገድል ነበር። ወታደሮቹ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ቅጥረኞች ስለነበሩ፣ ዘመቻው አብቅቶ ወደየአገራቸው ሲበተኑ በሽታውን ይዘውት ሄዱ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ አውሮፓን አዳረሰ። ይህ በሽታ በአማርኛ ቂጥኝ የሚባለው ነው።

እንግዲህ ለበሽታው ስም ማውጣት ግድ ሆነ፤ እያንዳንዱም አገር ስም ያወጣለት በጠላቱ ነበር። ፈረንሳዮች «የኔፕልስ በሽታ» አሉት። ኢጣሊያኖች፣ ጀርመኖችና እንግሊዞች «የፈረንሳይ በሽታ» አሉት። ሩሲያውያን «የፖላንድ በሽታ»፣ ፖላንዶች ደግሞ «የጀርመን በሽታ» ብለው ጠሩት። ዐረቦች «ኢፍረንጂ» አሉት፤ ትርጉሙም «የፈረንጅ» ማለት ሲሆን ኢትዮጵያውያን ከሚጠቀሙበት «ፈረንጅ» ከሚለው ቃል ጋር ሥሩ አንድ ነው። «የእኛ በሽታ» ብሎ የጠራው ሕዝብ አልተገኘም።

በ1530 የቬሮናው ሐኪምና ባለ ቅኔ ጂሮላሞ ፍራካስቶሮ ስለዚህ በሽታ ረጅም ግጥም ጻፈ። በግጥሙ ውስጥ በበሽታው መጀመሪያ የተመታው ሲፊለስ የሚባል እረኛ ነው፤ የተመታበትም ምክንያት የፀሐይን አምላክ በመዳፈሩ ነው። ሲፊሊስ የሚለው የሕክምና ስም የመጣው ከዚህ እረኛ ነው። እንግዲህ በሽታው ሳይንሳዊ ስሙን ሲያገኝ እንኳ ከአንድ ኃጢአተኛ ስም ጋር ተቆራኝቶ ነው። ጻድቅ ነኝ የሚል ሁሉ ራሱን ከመዝገቡ ውጪ እንዲያይ ስሙ ራሱ ይጋብዘዋል።

ሴቲቱ ትያዝ፣ ወንዱ ይሂድ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መንግሥታት ይህንኑ ሚዛን ሕግ አድርገው አወጡት። የእንግሊዝ ፓርላማ በ1864 ያወጣው፣ በ1866 እና በ1869 ያስፋፋው የተላላፊ በሽታዎች ሕግ፣ የጦር ሰፈርና ወደብ ባለባቸው ከተሞች ፖሊስ በሴተኛ አዳሪነት የጠረጠራትን ማንኛዋንም ሴት ለሐኪም ምርመራ እንዲያቀርብ ሥልጣን ሰጠ። በሽታው የተገኘባት ሴት ተዘግቶባት በሆስፒታል ትቆያለች። ወታደሩና መርከበኛው ግን በዚህ ሕግ አይመረመሩም ነበር። ጆሴፊን በትለር የተባለች ቆራጥ ሴት ተከታዮቿን አስተባብራ ለብዙ ዓመታት ከታገለች በኋላ ሕጉ በ1886 ተሻረ።

ሕጉ ግፍ መሆኑ አንድ ነገር ነው፤ ሞኝነቱ ደግሞ ሌላ ነው። በሽታ በሁለት ሰው መካከል የሚተላለፍ ሆኖ ሳለ አንዷን ብቻ ይዞ ሌላውን መልቀቅ፣ የሚያፈስ ጣራ ግማሹን ከድኖ ቤቱ አይረጥብም ብሎ እንደ መተኛት ነው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ከሕጉ የተወሰደው ትምህርት ነበር። ወንዱ ራሱን እንደ ተበካይ እንጂ እንደ በካይ አላየም። በቤቷ የተቀመጠችው ሚስትም «ይህ የመንገድ ሴቶች ጉዳይ ነው» ብላ ተዘናጋች።

በ1905 ሻውዲንና ሆፍማን የተባሉ ጀርመናውያን ተመራማሪዎች የቂጥኝን ተሕዋስ በማይክሮስኮፕ አገኙ። በ1906 ዋሰርማን የደም ምርመራውን አበረከተ፤ በ1910 ኤርሊክና ጃፓናዊው ሃታ ያገኙት ሳልቫርሳን የተባለው መድኃኒት ለገበያ ዋለ። ከእነዚህ ሁሉ ይበልጥ የሰውን አስተሳሰብ መለወጥ የነበረበት የደም ምርመራው ነበር። ቁስሉ ድኖ፣ ገላው ጠርቶ፣ ጤነኛ መስሎ የሚታይ ሰው በደሙ ውስጥ በሽታውን ይዞ ለዓመታት ሊኖር እንደሚችል አረጋግጧልና። ከእንግዲህ ዓይን ምስክር መሆኑ ቀረ።

ሆኖም ልማድ ከሳይንስ ይልቅ ብርቱ ሆነ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1918፣ የአሜሪካ ኮንግረስ ወታደሩን ከአባላዘር በሽታ ለመጠበቅ ባወጣው ሕግ መሠረት በሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶች በጥርጣሬ ብቻ ተይዘው እንዲመረመሩና እንዲታገዱ ተደረገ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም በየሰፈሩ የተለጠፉት ሥዕሎች ወታደሩን የሚያስጠነቅቁት ከሴት ፊት ነበር፤ ቆንጆና ንጹሕ ብትመስልም አትመናት የሚል መልእክት ነበራቸው። ሴቲቱን ከወታደሩ እንድትጠነቀቅ የመከራት ግን አልነበረም።

በ1943 አሜሪካዊው ሐኪም ጆን ማሆኒ ቂጥኝን በፔኒሲሊን ማከም እንደሚቻል አሳየ። ይህም መልካም ዜና ሁሉንም እኩል አልደረሰም። በአላባማ ግዛት በመኮን አውራጃ ከ1932 ጀምሮ 399 ቂጥኝ የያዛቸው ድኻ ጥቁር ገበሬዎች «መጥፎ ደም» አለባችሁ እየተባሉ፣ የበሽታቸው እውነተኛ ስም ሳይነገራቸው በመንግሥት ሐኪሞች ይጠኑ ነበር። ፔኒሲሊን ከተገኘ በኋላም ተነፈጉት። ጥናቱ የቆመው ጉዳዩ በጋዜጣ በወጣበት በ1972 ነው፤ ፕሬዚደንት ክሊንተን በመንግሥት ስም ይቅርታ የጠየቁት በግንቦት 1997 ነው። ጥቁር አሜሪካውያን በጤና መሥሪያ ቤቶች ላይ ያላቸው ጥርጣሬ ከየት እንደመጣ የማይገባው አዲስ መጤ ቢኖር ይህን ታሪክ ቢያውቅ መልካም ነው።

ጨረቃው፣ ድንጋዩና አልጋው

ቂጥኝና ጨብጥ በኢትዮጵያም ከጥንት የታወቁ ናቸው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አገሪቱን የጎበኙ አውሮፓውያን መንገደኞችና ሐኪሞች በሽታዎቹ በሰፊው እንደሚታዩ ጽፈዋል። የባህል ሐኪሞችም የየራሳቸው ሥራ ሥርና ቅጠል ነበራቸው።

የሚገርመው ግን ሕዝቡ ለጨብጥ የሰጠው ምክንያት ነው። በብዙ የአገሪቱ ክፍሎች ጨብጥ የሚይዘው በጨረቃ ፊት ለፊት ሽንት በመሽናት፣ ወይም ፀሐይ ባጋለው ድንጋይ ላይ በመሽናትና በመቀመጥ ነው ተብሎ ይታመን ነበር፤ በዘመናችን የተደረጉ ጥናቶችም ይህ እምነት ፈጽሞ እንዳልጠፋ አሳይተዋል። አባባሉ አላዋቂነት ብቻ ነው ብሎ መሳቅ ቀላል ነው። ነገር ግን አንድ ጥቅም ነበረው። ከመንገድ የተመለሰ ባል ሽንቱ ሲያቃጥለው ጨረቃን ይከሳል፤ ሚስትም ጨረቃን ከመውቀስ ያለፈ ነገር አትጠይቅም። የትዳር ሰላም ይጠበቃል፤ የሁለቱም ቤተሰብ ክብር አይነካም።

የዚያ ሰላም ዋጋ ግን ከባድ ነበር፤ ከፋዩዋም ብዙውን ጊዜ ሚስቲቱ ነበረች። ጨብጥና ክላሚዲያ በሴት ላይ ብዙ ጊዜ የሚታይ ምልክት አይሰጡም። ሳይታከሙ ሲቀሩ ግን ወደ ማሕፀን ዘልቀው የዘር ቱቦዎችን ያጠብባሉ፣ ይዘጋሉም። ውጤቱ መሐንነት ነው። በጨረቃ የተመካኘው የባል በሽታ ከዓመታት በኋላ «መካን» የሚል ስም ሆኖ በሚስቲቱ ላይ ይለጠፋል። በዚህ ምክንያት የተፈቱና ጠበል ለጠበል ሲንከራተቱ የኖሩ ሴቶች ስንት እንደሆኑ የሚቆጥር መዝገብ አልነበረም። ስኮትላንዳዊቷ የማሕፀን ሐኪም ሜሪ ዳንካን በ1970ዎቹ በአዲስ አበባ ከ2,000 በላይ ሴቶችን መርምራ ባደረገችው ጥናት፣ የእነዚህ በሽታዎች አሻራ ከሴተኛ አዳሪዎች አልፎ ከመጀመሪያ ባላቸው ሳይለዩ በሚኖሩ ሚስቶች ደም ውስጥ ጭምር ተገኝቷል። ለእነዚህ ሚስቶች አደጋው የገባው በመሸታ ቤት በር ሳይሆን በገዛ ቤታቸው በር ነበር።

አራት ተጠርጣሪዎች

በሰኔ 5 ቀን 1981 የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በሎስ አንጀለስ አምስት ወጣት ወንዶች ባልተለመደ የሳምባ በሽታ መያዛቸውን ገለጸ። ይህ የኤድስ ታሪክ በይፋ የተከፈተበት ቀን ነው። አምስቱም ግብረ ሰዶማውያን ስለነበሩ በሽታው ወዲያውኑ የእነርሱ ተደርጎ ተቆጠረ። በ1983 የተጠርጣሪዎቹ ዝርዝር አራት ሆነ፦ ግብረ ሰዶማውያን፣ ሄሮይን በመርፌ የሚወስዱ፣ ደማቸው የማይረጋ ሕሙማንና የሄይቲ ተወላጆች። በእንግሊዝኛ የአራቱም ስም በአንድ ፊደል ስለሚጀምር ዝርዝሩ ለአፍ የሚመች ቀልድ ሆነ። ሦስቱ በሚያደርጉት ወይም ባለባቸው ሕመም ተጠቅሰዋል፤ ሄይቲዎች ግን የተጠቀሱት በአገራቸው ብቻ ነበር። ከሥራ የተባረሩ፣ ቤት የተከለከሉ፣ ልጆቻቸው በትምህርት ቤት የተዘለፉ ብዙዎች ናቸው። በ1985 ማዕከሉ ሄይቲዎችን ከዝርዝሩ ቢያወጣም ጥርጣሬው ከሰው ልብ ቶሎ አልወጣም።

የቀረው ሕዝብ በበኩሉ «ከአራቱ አንዱ አይደለሁም» ብሎ በሰላም ተኛ። ከዚህ እንቅልፍ ብዙዎችን የቀሰቀሰው ታዋቂው የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ማጂክ ጆንሰን ነው። በኅዳር 7 ቀን 1991 ኤች.አይ.ቪ. በደሙ መገኘቱን በይፋ ሲናገር ከዝርዝሩ ውስጥ በአንዱም አልነበረም፤ ቫይረሱን ያገኘው ከሴቶች ጋር ባደረገው ግንኙነት መሆኑንም አስረዳ። ከዚያ ቀን በኋላ ለመመርመር የሚጠይቀው ሰው ቁጥር በብዙ ከተሞች በድንገት ጨመረ።

በኢትዮጵያም ታሪኩ በተመሳሳይ መንገድ ተጓዘ። ቫይረሱ በ1984 በተወሰደ ደም ውስጥ መኖሩ ታውቋል፤ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን በ1986 ተመዘገቡ። በ1988 በዋና ዋና አውራ ጎዳናዎች ላይ ባሉ ከተሞች በተደረገ ጥናት ከተመረመሩት ሴተኛ አዳሪዎች 17 ከመቶ፣ ከረጅም ርቀት የከባድ መኪና ሾፌሮች ደግሞ 13 ከመቶ ያህሉ ቫይረሱ ተገኝቶባቸዋል። ተመራማሪዎቹ እነዚህን ሰዎች መመርመራቸው ስሕተት አልነበረም። ሕዝቡ ከጥናቱ የሰማው ግን ሌላ ነበር፤ «ሾፌርና ሴተኛ አዳሪ ካልሆንክ አትሥጋ» የሚል።

በ2005 የተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በቤተሰብ ውስጥ ያሉ ጎልማሶችን ደም ሲመረምር ይህን ሥዕል ገለበጠው። በአገር ደረጃ ከጎልማሶች 1.4 ከመቶ፣ በከተማ ግን 5.5 ከመቶ ያህሉ ቫይረሱ በደማቸው ነበር። ከሁሉ ድኻ በሆኑት ቤተሰቦች ከሚኖሩ ሴቶች ከ1 ከመቶ በታች ሲሆን፣ ከሁሉ ሀብታም በሆኑት ቤተሰቦች ከሚኖሩት ግን 6 ከመቶ ገደማ ነበር። በባልና ሚስት መካከልም አንደኛው ብቻ የተያዘባቸው ጥንዶች ሁለቱም ከተያዙባቸው በብዙ ይበልጡ ነበር። እንግዲህ ገንዘብም፣ ትምህርትም፣ የጋብቻ ቀለበትም በራሳቸው ጋሻ አልነበሩም። ይህን እውነት ሕዝቡ እንዲቀበል ከስታቲስቲክስ በላይ የሠሩት ፊታቸውን ሳይሸፍኑ ወደ አደባባይ የወጡት ናቸው፤ በ1997 የተመሠረተው መቅድም ኢትዮጵያና በ1998 የተመሠረተው ተስፋ ጎሕ ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ ሰዎች ራሳቸው ያቋቋሟቸው ማኅበራት ነበሩ። ነፃ የፀረ ኤች.አይ.ቪ. ሕክምና በአገሪቱ የተጀመረው በ2005 መጀመሪያ ነው።

ከብሩክሊን እስከ ኢየሩሳሌም

በየካቲት 1990 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር የሄይቲ ተወላጆችና ከሰሐራ በታች ያሉ የአፍሪቃ አገሮች ተወላጆች ደም እንዳይለግሱ መመሪያ አወጣ። መመሪያው የጠየቀው ሰውዬው ምን እንዳደረገ ሳይሆን የት እንደተወለደ ነበር። በሚያዝያ 20 ቀን 1990 በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ፣ አብዛኞቹ ሄይቲያውያን የሆኑ ሰልፈኞች በኒው ዮርክ የብሩክሊንን ድልድይ ተሻግረው ተቃውሟቸውን አሰሙ። መመሪያው በዚያው ዓመት መጨረሻ ተሻረ። ኢትዮጵያውያንም ከዚያ ሰልፍ ያተረፉ ናቸው፤ መመሪያው እነርሱንም ያካተተ ነበርና።

በእስራኤል የደረሰው ይበልጥ መራራ ነበር። በጥር 1996 ማዓሪቭ የተባለው ጋዜጣ፣ ቤተ እስራኤሎች የለገሱት ደም ለዓመታት በምስጢር ሲጣል መኖሩን አጋለጠ። ደሙ በክብር ይቀበሏቸዋል፣ ያመሰግኗቸዋል፤ ዞር ሲሉ ይደፉታል። ከለጋሾቹ መካከል ለዚያች አገር መሣሪያ ያነገቡ ወታደሮች ነበሩ። በጥር 28 ወደ 10,000 የሚሆኑ ሰልፈኞች በኢየሩሳሌም በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ተሰበሰቡ፤ ፖሊስም አስለቃሽ ጭስና ውሃ ተኮሰባቸው። መንግሥት በቀድሞው ፕሬዚደንት በይጻቅ ናቮን የሚመራ አጣሪ ኮሚሲዮን ለማቋቋም ተገደደ።

የእነዚህ ሰዎች ቁጣ የተገባ ነበር። ነገር ግን ከቁጣው ጎን ለጎን አንድ ሌላ ነገር በቀለ። ስድቡ በሕዝብ ላይ ስለ መጣ ብዙዎች ስድቡንና በሽታውን አንድ አድርገው ሁለቱንም «በእኛ ላይ የተፈጠረ ወሬ» ብለው ጣሉ። ስለ ኤች.አይ.ቪ. በማኅበር ወይም በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ለመናገር የተነሣ ሰው «ስማችንን ልታጠፋ ነው?» ይባላል። ክብርን መከላከልና ጤናን መከላከል ጠላቶች የሆኑ መሰለ። ግን አይደሉም። በትውልድ አገሩ መጠርጠር የሌለበት ሰው፣ በትውልድ አገሩ መታመንም አይገባውም።

በቪዛ የታሰረ ምርመራ

የአሜሪካ መንግሥት በ1987 ኤች.አይ.ቪ.ን ወደ አገር መግባት ከሚከለክሉ በሽታዎች መዝገብ ውስጥ አስገባ፤ በ1993 ኮንግረስ ክልከላውን በሕግ አጸናው። ክልከላው የተነሣው በጥር 4 ቀን 2010 ነው። በእነዚህ ዓመታት በስደተኝነትም ሆነ በዲቪ ዕጣ ለቋሚ ነዋሪነት የመጣ ጎልማሳ ሁሉ መመርመር ግዴታው ነበር። በዐረብ አገሮችም ለሥራ የሚሄዱ ኢትዮጵያውያን ከጉዞ በፊትና የመኖሪያ ፈቃድ ሲታደስ ይመረመራሉ፤ ቫይረሱ የተገኘበት ይባረራል።

ይህ አሠራር በስደተኛው አእምሮ ውስጥ ሁለት አሳሳች ሐሳቦችን ተክሏል። አንደኛው ምርመራ ማለት የሚወደቅበት ፈተና ነው፤ ውጤቱም መባረር ነው የሚለው ፍርሃት ነው። የመኖሪያ ፈቃድ ያገኘ፣ ዜግነት የወሰደ ሰው እንኳ ይህ ፍርሃት አይለቀውም። ሁለተኛው «እኔ ተመርምሬ ነው የገባሁት» የሚለው መዘናጋት ነው። የዚያ ወረቀት እውነትነት ግን ደሙ እስከ ተቀዳበት ቀን ድረስ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ስላለፉት 15 እና 20 ዓመታት አይመሰክርም። ከ2010 በኋላ የገቡት ደግሞ የኤች.አይ.ቪ. ምርመራ ግዴታ እንዳልነበረባቸው ሳያውቁ «ተመርምሬያለሁ» ብለው የሚያምኑ አሉ።

በ2003 እና በ2004 ከተወሰኑ የአሜሪካ ግዛቶችና ከተሞች በተሰበሰበ መረጃ መሠረት፣ የአፍሪቃ ተወላጆች ከሕዝቡ 0.6 ከመቶ ሲሆኑ አዲስ ኤች.አይ.ቪ. ከተገኘባቸው ሰዎች ግን 3.8 ከመቶ ነበሩ። ይህ ቁጥር ስለ ማንም ጠባይ አይናገርም። የሚናገረው በሽታው ወደ ማኅበረሰቡ አይደርስም የሚለው እምነት መሠረት እንደሌለው ነው። ሆስፒታል የሚሄዱት ታመው ከወደቁ በኋላ የሆኑ ብዙ ናቸው፤ ዘግይቶ የተገኘ ቫይረስ ደግሞ በጊዜ ከተገኘው ይልቅ ለማከም ያስቸግራል።

ያልተጠረጠሩት

በ1980 አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ተመራማሪ ኒል ዋይንስታይን ከ200 በላይ የኮሌጅ ተማሪዎችን ጠየቀ፤ ክፉና ደግ ነገር ከጓደኞቻችሁ ጋር ሲነጻጸር በእናንተ ላይ የመድረሱ ዕድል ምን ያህል ነው? ብሎ። አብዛኞቹ ደግ ነገር ለራሳቸው ከአማካይ በላይ፣ ክፉው ግን ከአማካይ በታች እንደሚደርሳቸው መለሱ። ሁሉም ከአማካይ በታች ሊሆን አይችልም። አእምሮ በአደጋ የሚመጣን ሰው ምስል አስቀድሞ ይስላል፤ ያ ምስል ደግሞ ራሱን አይመስልም።

ዕድሜ ሲጨምር ይህ ምስል ይበልጥ ይርቃል። የሃምሳ ዓመት ሰው በሐሳቡ የሚስለው የሃያ ዓመት ልጅ ነው። እርግዝና የማያሠጋቸው ጎልማሶች ኮንዶም ለምን ብለው ያስባሉ። ከ1998 ጀምሮ ቪያግራ የብዙ አረጋውያንን የመኝታ ሕይወት ቀይሯል፤ ጥንቃቄውን ግን አልጨመረላቸውም። ዛሬ በአሜሪካ ከኤች.አይ.ቪ. ጋር እንደሚኖሩ ከታወቁት ሰዎች ግማሽ ያህሉ 50 ዓመት የሞላቸው ናቸው። ብዙዎቹ በመድኃኒቱ ብርታት ለዚህ ዕድሜ የበቁ ናቸው፤ ከሃምሳ በኋላ የተያዙም ግን አሉ። የስደት ኑሮ ደግሞ የራሱን ይጨምራል። ወረቀት እስኪያልቅ ባልና ሚስት ለዓመታት ተለያይተው ይኖራሉ፤ የተፋታው እንደገና ያገባል፤ ባል የሞተባት አዲስ ሰው ታገኛለች። በእነዚህ ሁሉ መገናኛዎች ላይ ስለ ሥራ፣ ስለ ቤተሰብና ስለ ሃይማኖት ይጠየቃል፤ ስለ ምርመራ ግን መጠየቅ እንደ ስድብ ይቆጠራል።

ቂጥኝ ራሱ የመዘናጋትን ዋጋ አስተምሯል። በ1999 የአሜሪካ መንግሥት በሽታውን ከአገሩ ጨርሶ ለማጥፋት ዕቅድ አውጥቶ ነበር፤ በ2000 የታማሚው ቁጥር እጅግ ዝቅ አለ። ብዙዎች ቂጥኝን የአያት ዘመን በሽታ አደረጉት። በ2022 ግን በአሜሪካ ከ207,000 በላይ የቂጥኝ ሕሙማን ተመዘገቡ፤ ይህም እስከዚያ ዓመት ድረስ ከ1950 ወዲህ ከፍተኛው ነበር። ከእነዚህ ውስጥ ከ3,700 በላይ የሚሆኑት ከእናታቸው የወረሱት ሕፃናት ናቸው። በእርግዝና ጊዜ ተመርምሮ በፔኒሲሊን ሊድን የሚችል በሽታ ማለት ነው።

ሚዛኑን መለወጥ

በ2006 የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ከ13 እስከ 64 ዓመት የሆነው ሰው ሁሉ ማንነቱ ሳይጠየቅ እንደ ማንኛውም የጤና ምርመራ ኤች.አይ.ቪ. እንዲመረመር ሐሳብ አቀረበ። በአምስት መቶ ዓመቱ ታሪክ ውስጥ ይህ ታላቅ ለውጥ ነው፤ «ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ቀርቶ ሁሉም በእኩል ተጠየቀ። በ2011 ይፋ የሆነ ዓለም አቀፍ ጥናት ደግሞ በጊዜ ሕክምና የጀመረ ሰው ቫይረሱን ለትዳር ጓደኛው የማስተላለፉ ዕድል ከ90 ከመቶ በላይ እንደሚቀንስ አሳየ። ቫይረሱ በመድኃኒት ኃይል በደሙ ውስጥ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ የቀነሰለት ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት እንደማያስተላልፍ ከዚያ በኋላ ተረጋግጧል። ከ2012 ጀምሮ ጤነኛው ሰው አስቀድሞ የሚወስደው መከላከያ ኪኒን አለ። ቂጥኝ፣ ጨብጥና ክላሚዲያ በመድኃኒት ይድናሉ። በእንግሊዝ ከጥቅምት 2012 ጀምሮ የኤች.አይ.ቪ. ሕክምና የመኖሪያ ፈቃድ ለሌለውም ሰው ያለ ክፍያ ይሰጣል።

እንግዲህ የቀረው መሰናክል ሕክምና ማጣት ብቻ አይደለም። አስተርጓሚው ከዚሁ ማኅበር የሆነ፣ የማውቀው ሰው ቢሆንስ የሚለው ሥጋት እውነተኛ ሥጋት ነው፤ በብዙ ክሊኒኮች ግን ከሌላ ከተማ በስልክ የሚያስተረጉም ሰው መጠየቅ ይቻላል። ለዓመታዊ ምርመራ ደም ሲሰጥ «የአባላዘር በሽታዎችንና ኤች.አይ.ቪ.ንም ጨምሩልኝ» ማለት አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ ሐኪሙ ሳይጠየቅ ያደርገዋል ብሎ መገመት ግን አይገባም። አዲስ ትዳር የሚመሠርቱ ሁለት ጎልማሶች አብረው ቢመረመሩ አለመተማመን አይደለም፤ አንዱ ለሌላው የሚሰጠው የመጀመሪያ አክብሮት ነው።

አባቶች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። አምስት መቶ ዓመት ሙሉ ሕዝቦች በሽታውን የደበቁት በጎረቤታቸው ስም፣ በሴቲቱ ስም፣ በጨረቃ ስም፣ በስደተኛው ስም ነው። ይህ መደበቂያ ስሙ ለተጠራው ውርደትን፣ ለተደበቀው ደግሞ ሞትን አተረፈ። ጨረቃዋ ያለ ጥፋቷ ተከሰሰች፤ ሚስቲቱ መካን ተባለች፤ የቤተ እስራኤሉ ወታደር ደም ተደፋ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ለአንድ ጎልማሳ የሚቀረው ጥያቄ አጭር ነው፤ በሽታው የማን ነው? ሳይሆን፣ ለመጨረሻ ጊዜ የተመረመርኩት መቼ ነው?